አሥራ አራት ሰዓት ዝም ያሉት እንደራሴ

ክቡር እንደራሴ ሴቬሪን ጋቭሮን በደኅንነቶች ፊት በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ዘረገፉ ይባላል። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሰኞ ጠዋት በከተማችን በሊፖቬትስ ገበያ ውስጥ ታየ፣ ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ረቡዕ፣ ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው፣ ቴዎዶራ ቪልክ ምግብ ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ የቴዎዶራን ወንድም ሮክን በድብቅ ጽሑፍ ከሚያትምበት ማሽን ጋር ለደኅንነት የሸጡት ክቡርነታቸው ናቸው አለ።

እኔ አላመንኩም። ያላመንኩት ሰውየውን ስለማውቃቸው ነው። በአገራችን ኮሚኒዝምን ብቻውን ገፍትሮ የጣለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ የእኛው ፓን ሴቬሪን ናቸው፤ «ፓን» በእኛ አገር «አቶ» ማለት ነው። ቀይ የትራፊክ መብራት አያስቆማቸውም፤ «አርባ አምስት ዓመት ቆመናል፣ ይበቃል» ብለው ይሻገራሉ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ሲያፈስ፣ አውቶቡስ ሲዘገይ፣ የባለቤታቸው የቦግና ኬክ መሀሉ ሲሰምጥ፣ «የእነሱ እጅ አለበት» ይላሉ። ንግግራቸው ከአርባ ደቂቃ አንሶ አያውቅም። የትምህርት ቤት መክፈቻም ይሁን የእሳት አደጋ መኪና ምረቃ፣ ማሳረጊያው አንድ ነው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጉና «አሥራ አራት ሰዓት መረመሩኝ። አንዲት ቃል ትንፍሽ አላልኩም» ይላሉ። ጭብጨባው ይቀልጣል። በዚህች ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ፓርላማ ገብተዋል።

ምስጢር መጠበቁንማ ያውቁበታል። በመከር ወራት ከተማው ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ለእንጉዳይ ለቀማ ጫካ ሲወርድ፣ እርሳቸው በተቃራኒው አቅጣጫ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ሁለት ፌርማታ ሄደው ይወርዱና በመቃብር ቦታው ዞረው ይሰወራሉ። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ቅርጫቱ በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ ከጋዜጣው ሥር የሕፃን ጭንቅላት የሚያካክሉ፣ ባለ ቡናማ ቆብ እንጉዳዮች። የት እንደሚለቅሟቸው ቦግና በሠላሳ ዓመት ትዳር አልተነገራትም። ቄሱ በኑዛዜ ጊዜ ነገር አዙረው ቢጠይቋቸው፣ «አባ፣ ኃጢአት ስላልሆነ አልናዘዘውም» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው በሃያ አምስት ደቂቃ ይዘረግፋል? እያልኩ ካገኘሁት ሁሉ ጋር ተከራከርኩ።

ቴዎዶራ ግን ከማንም ጋር አልተከራከረችም። ሮክ ሁለት ዓመት ታስሮ ሳንባው ተጎድቶ ወጣ፤ ከአራት ዓመት በፊት ሲሞት ማን እንደጠቆመበት አላወቀም። ይህን ሁሉ ዘመን ፓን ሴቬሪን በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የእርሷን ኮምጣጣ የአጃ ሾርባ ሲበሉ ኖረዋል። ረቡዕም እንደወትሯቸው መጡ።

«ሾርባው አልቋል፣ ክቡርነትዎ» አለቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትላቸው የኖረች ሴት ናት። ድስቱ ከጀርባዋ ይንተከተካል።

«ሻይ እንኳ?»

«እሱም አልቋል።»

ሐሙስም መጡ፣ ዓርብም መጡ። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባዶ ጠረጴዛ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀመጡና ይሄዳሉ። ተመጋቢው ማንኪያውን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ደጅ ላይ በተለጠፈው የምርጫ ፎቶግራፋቸው ግንባር ላይ አንዱ «ጆሮ ጠቢ» ብሎ ጽፎበታል። ዓርብ ዕለት ቦግና መጥታ በበሩ አንገቷን አስገባች።

«ሴቬሪን፣ ቤትም እኮ ሾርባ አለ።»

«ራበኝ ያለሽ ማነው?» አሉ፤ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

ቴዎዶራ በሟች ወንድሟ ስም የደኅንነቱን ፋይል ከመዝገብ ቤት የጠየቀችው ከስምንት ወር በፊት ነበር፤ የደረሳት ያንኑ ዓርብ ነው። ቅዳሜ፣ ሕጉ የምርጫ ቅስቀሳን በሚከለክልበት ቀን፣ ፖስታውን ሳትከፍተው ይዛ መጣች። ፓን ሴቬሪን ከተቀመጡ በኋላ በሩን ቆለፈች፤ ፖስታውንም ጡረተኛው ባቡር ነጂ ኦኑፍሪ ፊት አኖረችው።

«አንብብልኝ። መነጽሬን አላመጣሁም።» መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ዛሬ ቅስቀሳ ክልክል ነው እኮ» አለ ኦኑፍሪ።

«አንብብ አልኩህ።»

ኦኑፍሪ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሴቬሪን፣ የምትናገረው ካለህ አሁን ይሻልሃል። እኔ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነገሩ የወረቀቱ ነው።»

«አንብብ» አሉ ፓን ሴቬሪን።

«መስከረም ሃያ አራት። ተጠርጣሪ ጋቭሮን ቅዳሜ ዕለት የት እንደዋለ ተጠየቀ።» ኦኑፍሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሃያ አምስተኛው ደቂቃ መናገር ጀመረ።»

አሥራ አራቱ ሰዓት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞተ። ሁላችንም ሳህናችንን እናያለን፤ እርሳቸውን ያየች ቴዎዶራ ብቻ ናት።

«ቀጥል» አለች።

«ከጡብ ፋብሪካው በስተጀርባ ያለው ጫካ ውስጥ እንደነበረ ገለጸ፤ ቦታውንም በካርታ ላይ አመለከተ። ማተሚያው እዚያ ተቀብሯል በሚል ግምት አሥራ አንድ ፖሊሶች ከነውሾቻቸው አምስት ቀን ቆፈሩ። የተገኘ ነገር፦ አንድ አሮጌ የጋሪ ጎማ። ሁለት ፖሊሶች ጉንፋን ያዛቸው።» ኦኑፍሪ ድምፁ እየጨመረ መጣ። «ጥቅምት ሦስት ቀን የቪልክ ቤት አከራይ በጻፈው ደብዳቤ መሠረት ማተሚያው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ሥር ተገኘ። ሮክ ቪልክ ተያዘ።»

አከራዩ ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል።

«አንተ ቀበሮ» አለ ኦኑፍሪ ቀስ ብሎ። «ማተሚያው ከተማ መሀል፣ አንተ ጫካ ታስቆፍራቸዋለህ?»

ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱን የሚይዘው ጠፋ። ወንዱ ሁሉ ብርጭቆ ይዞ ተነሣ። ወሬው ዓይናችን እያየ ቆዳውን ገልብጦ ለበሰ፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ፖሊሶቹ ሠላሳ ሆነው ነበር፣ በሩ ጋ ሲደርስ ሄሊኮፕተር ተጨምሮላቸዋል። ደጅ የነበረው ፎቶግራፍ በማን እጅ እንደሆነ እንጃ ግንባሩ ተጠርጎ ተገኘ።

ቴዎዶራ ከጓዳ ወጣች። ሾርባ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። ፊታቸው አኖረችው።

«የሮክ ልጅ የተወለደችው ፖሊሶቹ ጫካ ሲቆፍሩ ነው» አለች። «አቅፏታል። ስም አውጥቶላታል። ያንን ሰሞን የሰጠኸው አንተ ነህ፣ ሴቬሪን። ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ሾርባ ነፈግኩህ፤ ይቅር በለኝ።»

ከእርሳቸው የሚጠበቀው መብላት ብቻ ነበር። ማንኪያውን ቢያነሡ በማግስቱ ፓርላማ፤ በዕድሜ መጨረሻ ሐውልት። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሲነሣ አየሁ። መንገድ ላይ ቀረና ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ፊታቸው እንደ ጠረጴዛው ልብስ ነጣ። ተነሡ።

ያደረጉት ንግግር በሃያ ዓመት ውስጥ አጭሩ ነው፤ ማንም አላጨበጨበለትም፤ በዚያ ላይ በሕግ በተከለከለ ቀን የተደረገ ነው። እሑድ ድምፄን የሰጠሁት ለዚህ ንግግር ነው።

«ተቀመጡ» አሉ። «ማንንም አላታለልኩም። የት ዋልክ አሉኝ፤ እንጉዳይ ስለቅም ነበር የዋልኩት። ፈራሁ፤ ተናገርኩ። እንጉዳዬ ያለበትን እውነተኛውን ጫካ ልነግራቸው ስል ግን አፌ እምቢ አለኝ። ፖሊስም እንጉዳይ ይበላል።»

ኦኑፍሪ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ፓን ሴቬሪን ሾርባውን ሳይነኩት በአንድ ጣታቸው ወደ ቴዎዶራ መለስ አደረጉት።

«ሮክን እኔ አላዳንኩትም፣ ቴዎዶራ። ስለ እሱም ጠይቀውኛል። የት እንደተደበቀ አላውቅም ነበር እንጂ፣ ባውቅ ኖሮ እነግራቸው ነበር።»