ብርቄን ማን አስያዛት?

በዚህ ከተማ ተከራዩን የማይጠረጥር አከራይ የለም። አንዱ ውሃ ታባክናለህ ብሎ ቧንቧ አጠገብ ይቆማል፤ ሌላው በድብቅ ምድጃ ትሰካለህ ብሎ ቆጣሪ ሲያይ ይውላል። የኔ አከራይ፣ የምሥራቅ ክፍለ ከተማዋ ክብርት ወይዘሮ እታፈራሁ ግን የሚጠረጥሩን በሌላ ነው። ድመቴን በሽታ ታስይዙብኛላችሁ ይላሉ።

ሌላው ሰው በሽታ ከድመት ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል። እሳቸው ከሰው ይመጣባታል ብለው ይፈራሉ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ካስነጠሰ መጀመሪያ ድመታቸውን ብርቄን ከመሬት ብድግ አድርገው ቤት ያስገባሉ፤ ከዚያ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

«እኔ ማንንም አልጠረጥርም» ይላሉ። «ግን ማነው ያስነጠሰው?»

አንድ ጊዜ ታይፎይድ አልጋ ላይ ሲጥለኝ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ሊጠይቁኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ዋሲሁን፣ ብርቄ እዚህ ገብታ ነበር?»

እውነቱን ለመናገር ትገባ ነበር። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በመስኮት ዘላ ትመጣና ብርድ ልብሴ ላይ ጥቅልል ትላለች። እሳቸው ፊት ግን አንተዋወቅም።

ባለፈው ሰኔ የብርቄ ጸጉር ከጆሮዋ ሥር ክብ ክብ እየሠራ መርገፍ ጀመረ። በካርቶን አድርገን በባጃጅ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ዶክተር ቢኒያም አገላብጦ አያትና «ጭርት ነው» አለ።

«ከሰው ነው የያዛት?» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

«የድመት ጉንፋን ቢሆን ብዙውን ጊዜ ለሰው አይተርፍም፤ ጭርት ግን ይጋባል። ብዙ ጊዜ ከድመት ወደ ሰው ነው የሚያልፈው፤ ከሰው ወደ ድመትም ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የሚያሳክከው ሰው ካለ ይታከም።»

ከዚህ ሁሉ ወይዘሮ እታፈራሁ የሰሙት «ከሰው ወደ ድመት» የምትለዋን ብቻ ነው። እኔ ግን ሌላውንም ሰምቻለሁ። ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታክል ቀይ ክብ ነገር ከወጣች ሳምንቷ ነበር። እጅጌዬን ወደ ታች ሳብኩ።

ቤት ስንደርስ ምርመራው ተጀመረ። የጎን ተከራይ ሙንተሃ መሃል ከተማ ልብስ ሰፊ ናት። ማታ ከሥራ እንደገባች እጅሽን አሳዪ ተባለች። የእጅ አንጓዋ ላይ ክብ ቁስል ነበረ።

«ካውያ ነው እትዬ። ትናንት አቃጠለኝ።»

«እኔ ማንንም አልጠረጥርም። ግን ካውያ ክብ ነው?»

«ጫፉ ነው የነካኝ።»

«ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ብትፈልጊ ይሻላል።»

ሙንተሃ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከአልጋ ሥር ሻንጣ ስትስብ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ክንዴን እያከክሁ ጥቂት ተቀመጥኩ። አላስቻለኝም፤ ወጥቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«እትዬ፣ ሙንተሃ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብርቄ እኔ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው።»

መነጽራቸውን አድርገው ክንዴን አገላብጠው አዩ። ዕቃዬን በምን እንደማጓጉዝ ማሰብ ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ሄደው የሙንተሃን በር አንኳኩ።

«ሻንጣውን መልሺው» አሏት። «ካውያ ነው። የቃጠሎ ቅባት አለኝ፤ እጅሽን አምጪ።»

ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም። ግን ጎንበስ ብለው የቀቧት በገዛ እጃቸው ነው።

በማግስቱ ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብል አላመኑኝም። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን ቅባት በጥርጣሬ ተመለከቱ። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ሁለቴ ጠየቁ፤ አንሶላው በሙቅ ውሃ ይታጠብ እንደሆነ ጠየቁ፤ «ካልዳነስ?» አሉ።

ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ልጅዎ ነው?» አለቻቸው።

ወይዘሮ እታፈራሁ ዞር ብለው አዩኝ። ጥያቄው ራሱ አጠራጥሯቸዋል።

«አይደለም» አሉ። «እሱም እንደ ድመቷ ነው። እኔ ካላየሁት ማን ያየዋል።»

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እንዳላስይዛቸው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። የቅባቱን ፌስታል ግን እንድይዝ አልሰጡኝም፤ ትጥለዋለህ ብለው ጠርጥረዋል። ሻል ያለ ቤት አገኘሁልህ የሚል ደላላ እስከ ዛሬ ይደውልልኛል። አላነሳለትም።