ባሌን አሸዋ ላይ ሲተክሉት

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ሕልም አየሁ። ፍቱልኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ ፍቺውን እኔው ደርሼበታለሁ። ያየሁትን ብቻ ስሙኝ።

እኔና ባለቤቴ ጓንጉል ባሕር መሀል ያለች ደሴት ላይ ለእረፍት ሄድን። እኛ! ከተጋባን ጀምሮ አብረን የሄድነው ሠርግና ለቅሶ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን እሱ ከወንዶቹ ጋር ከድንኳን፣ እኔ ከጓዳ። በሕልሜ ግን ጀልባዋን በትከሻችን ተሸክመን ባሕሩን በእግራችን ተሻገርን። ጀልባዋ ደግሞ ከላይ ሆና ታዝዘናለች።

«በቀስታ እንጂ! አንገጫገጫችሁኝ እኮ!»

ጓንጉል «ይቅርታ እመቤቴ» አላት። ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ደረስን። አሸዋው እንደ ነጭ ጤፍ ዱቄት ነው፤ ወንፊት አማረኝ። ፀሐይዋ ሰው እንዳያጠቁራት ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች። ማዕበሉ ከሩቅ እየተንደረደረ መጣና ጫፉን እግሬ ላይ ነከር አድርጎ «ኡፍ! ትቀዘቅዛለች!» ብሎ ወደ ኋላው ሸሸ። ዓሦቹ ጥቁር መነጽር አድርገው አሸዋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንዷ ወፍራም ዓሣ ጠራችኝ።

«እናት፣ ጀርባዬን ቅቢኝ።»

«ምንድን ነው የምቀባሽ? ዘይት ነው?»

«ዘይት ነው።»

«እንግዲያው ይሄ ለመጥበሻ እንጂ ለመዋቢያ አይደለም» አልኳት። ተቀይማኝ ፊቷን አዞረች።

አሸዋው ላይ ቁጭ ስል አንድ ወንበር እያነከሰ መጣና ጭኔ ላይ ተጋደመ። «እፎይ! ዕድሜ ልኬን ሰው ስሸከም!» አለ። እውነቱን ነው ብዬ እንደተጋደመ ተውኩት። ከዛፍ ላይ ደግሞ አንድ ኮኮናት የመምጠጫ ቀሰም ይዞ ወረደ። የጓንጉልን ራስ ኳ ኳ አደረገ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ፣ ከዚያ «ምንም የለውም» ብሎ ተመልሶ ዛፉ ላይ ወጣ።

«ይሄንንማ እኔን ብትጠይቀኝ ባልደከምክ!» አልኩት።

ጓንጉል ሳቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እግሩን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ነበር። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ።

«የሺ፣ እዚህ እኮ ማንም አይጠራኝም» አለ።

እኔም ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ግን አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ የተጠበሰ ዓሣ የተኛበትን ሳህን ራሱ ተሸክሞ መጣ። ሎሚው ከላዩ ነው፤ ሽታው ልብ ይሰውራል።

«ብሉኝ» አለ።

«ኧረ ጠግበናል! ከቤት በልተን ነው የመጣነው» አልኩ፣ እንደ ወጉ።

«እሺ» አለና ሄደ።

እሺ! ሁለተኛ «ብሉ እንጂ» የለም፣ «በሞቴ» የለም፣ «አፈር ስሆን» የለም። ጓንጉል ዓሣውን በዓይኑ ሲከተለው አንገቱ ሊቀጭ ምንም አልቀረውም። ሩዙም መጣ። «ኧረ አትቸገር» አልነው። አልተቸገረም፤ ሄደ። አናናሱም እንዲሁ።

«ምን ዓይነት ያልታደለ አገር ነው?» አልኩት ለጓንጉል። «ሰው ሳይለመን ይበላል እንዴ? የራበው ይመስላል እኮ!»

«ርቦናል እኮ የሺ።»

«ቢርበንስ!»

ሆዳችን እየጮኸ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተጠጋን። የተደገፍኩት ግንድ ሳል ጀመረው። ቀና ብዬ ሳየው ኮት ለብሷል። የሚቀጥለውም ዛፍ ኮት ለብሷል። ሌላው ከቅጠሉ በላይ ኮፍያ ደፍቶ «ሰዓት ስንት ሆነ?» ይለኛል።

ያኔ የደሴቲቱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሸርጣን ነው። ክራቫት አስሯል፤ እንደ ሸርጣን ወግ ወደ ጎን እየሄደ እኛ ጋ ለመድረስ ደሴቲቱን አንዴ ዞራት። ከኋላው ዓሣዎች አካፋና ውኃ ማጠጫ ይዘው ተሰልፈዋል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ወይዘሮ» አለ። «እረፍትዎ አልቋል። ወደ አገርዎ ሊሄዱ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለችን። ይሄን ሰው ይፈልጉታል?»

«ማንን?»

«ይሄን የተቀመጠውን። ካልፈለጉት እኛ ለጥላ እንተክለዋለን። ዛፎቻችን ሁሉ ሚስቶቻቸው ያልፈለጓቸው ባሎች ናቸው።»

ዓሦቹ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አፍ አፌን ያዩኛል። የሌላ አገር ሴቶችም ተሰብስበው ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንዲት ጨዋ ሴት ባሌን እፈልገዋለሁ ትላለች? ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁና፣

«ኧረ እሱ እንደፈቀደ። እኔ ምን ቸገረኝ» አልኩ።

«እሺ» አለ ሸርጣኑ። «ትከሉት።»

ወዲያው በአካፋው ተረባረቡበት። ጓንጉል እስከ ጉልበቱ ገባ። ከማጠጫው ሲያፈሱበት እስከ ወገቡ ገባ። ከጆሮው ሥር አንዲት ቅጠል ብቅ አለች።

«አቁሙ! ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብዬ አካፋውን ቀማኋቸው።

«እርስዎ ራስዎ ምን ቸገረኝ ብለዋል» አለ ሸርጣኑ።

«ታዲያ እሱ እኮ መጀመሪያው ነው! እኔን ደግመህ፣ ደጋግመህ መጠየቅ ነበረብህ። እኛ አገር እንቢ ማለት እሺ ማለት ነው።»

ሸርጣኑ አሰበ። «እሺ ስትሉስ?»

«እሺማ... እሺማ እንደ ሰዉ ነው። ቢሮ ሄደህ እሺ ከተባልክ አይሆንም ማለት ነው።»

«እና እንዴት ተግባብታችሁ ትኖራላችሁ?»

«ማን ተግባባን አለህ? ተላምደን ነው እንጂ!»

ዓሦቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ጓንጉል አንገቱ ድረስ ገብቷል። ፀጉሩ መሀል ቅጠል በቅጠል ሆኗል። ከዚያ ውስጥ ሆኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ተይ የሺ፣ ሰዎቹን አታስቸግሪ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህም ይመቸኛል።»

«ሰማሽው?» አለች ያቺ የተቀየመችኝ ወፍራም ዓሣ። «ይመቸኛል አለ። አጠጡት!»

«ዝም በይ አንቺ! ይመቸኛል ሲል አልተመቸውም ማለት ነው! ጥርሱን ሲያመው ይመቸኛል ነው የሚለው! እናቱ የሞቱ ዕለትም ደህና ነኝ ነው ያለው! እኔ ነኝ የማውቀው!»

«የሚያውቁትን አልጠየቅንም» አለ ሸርጣኑ። «ይፈልጉታል ወይ ነው ያልነው። አንዲት ቃል ናት።»

ጓንጉል አገጩ ጠፋ። አፉ ጠፋ። ዓይኑ ብቻ ቀረ፤ ያቺው ዓይኑ ታየኛለች። ኮት የለበሱት ዛፎች ሁሉ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ልትታጠብ ውኃ የገባች ጋቢ እንኳ እንደ ምላሴ አትከብድም። ማጠጫውን የያዘው ዓሣ እጁን አነሳ።

«እፈልገዋለሁ!» አልኩ። «እፈልገዋለሁ አልኳችሁ! ባሌን እፈልገዋለሁ! አሁኑኑ ንቀሉልኝ!»

በገዛ ጩኸቴ ነቃሁ።

ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ «ኧረ በማርያም ስጧትና እንተኛበት!» ብለው ጮኹ። ልጆቻቸው ትን እስኪላቸው ይስቃሉ።

ጓንጉል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። ሻንጣው በሩ ሥር ተሸክፎ ቆሟል። ዛሬ በረሃ፣ ጨው ማምረቻ፣ ለዘበኝነት የሚሄድበት ቀን ነው። የአጎቱ ልጅ ያስገባው ሥራ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። ማታ «ምን ትያለሽ የሺ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎኝ ነበር። «እንደፈቀድክ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

«ማንን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ አሁን፣ ክሩን እንደያዘ።

ከውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ።

«ኧረ ማንንም» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ከአልጋዬ ወረድኩና ሄጄ ሻንጣው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ እንጂ የሺ! ሾፌሩ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«ይሂዳ!» አልኩት።