የፕሮፌሰሩ ምላጭና የእኔ አንገት

የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ገና በወጣትነቱ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎበት ከርሟል። የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ዘበኛ ሆኖ በተቀጠረ ሰሞን ጄኔሬተሩ ተቃጠለ። ከውጭ አገር የመጣው አለቃ እየሮጠ ደረሰና በእንግሊዝኛ ይጮህበት ጀመር። ልጁ የሚያውቃት የእንግሊዝኛ ቃል አንዲት ብቻ ነበረች፦ «የስ»። የተጠየቀውን ሁሉ በእሷ መለሰ። ያቃጠልከው አንተ ነህ? የስ። ሆን ብለህ ነው? የስ። ቀን እንደ እሳት በሚፋጅ፣ ሌሊት አጥንት ድረስ በሚቀዘቅዝ ኮንቴይነር ውስጥ ከተቱት። ሲለቁትም ያለ ደመወዝ፣ በእግሩ ነው። በሕይወት መትረፉ ተመስገን ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው፤ እሱ ለታሰረው የእኛ አንገት ለምን ይቀጣል?

በየትኛውም ሰፈር፣ ማታ የተማረውን ጠዋት ሰው ላይ የሚለማመድ አንድ ሰው አይጠፋም። መኪና መንዳት የጀመረው አጥር ያፈርሳል። ጊታር የጀመረው ጎረቤት ያሳብዳል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን እንግሊዝኛ የጀመረው ነው። መኪናውን ስታይ ዘወር ትላለህ፣ ጊታሩን መስኮት ዘግተህ ታመልጣለህ። የእኛው ሰው ግን ምላጭ ይዟል።

ክቡር ፕሮፌሰር ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም ሳያቅማሙ ተቀብለዋል። በዕድሜ ታናሼ ስለሆኑ ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው። እዚህ አንቱ ያልኳቸው መናደዴ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሱቃቸው ጠባብ ናት። ሁለት ወንበር አለ፤ የአንደኛው እግር ስለተሰበረ ፎጣ ይከመርበታል። የመስታወቱ ዙሪያ የእንግሊዝኛ ቃል የተጻፈበት ብጥስጣሽ ወረቀት ተለጥፎበት አልቋል፤ የራስህን ፊት ለማየት በ«መስት» እና በ«ሹድ» መካከል አንገትህን ማስገባት አለብህ። ስትቀመጥ ፎጣውን ያስሩብሃል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ያጋድሙታል፣ አረፋውን እስከ ጆሮህ ድረስ ይለቀልቁሃል። ከዚያ ምላጩን ጉሮሮህ ላይ አሳርፈው፦

«ጋሼ፣ ነገ ሊዘንብ ይችላል። እስቲ በእንግሊዝኛ ይበሉልኝ።»

ካልመለስክ ምላጩ ንቅንቅ አይልም። አረፋው ይደርቃል፣ ተራ ጠባቂው ያዛጋል፣ ዝንብ አፍንጫህ ላይ ታርፋለች። ክቡርነታቸው ግን ፊታቸው አይጨማደድም።

«አይቸኩሉ ጋሼ። እጠብቃለሁ።»

አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ እንደ ደን ጠቁሮ ከሱቁ ሲወጣ አገኘሁት።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሹድ ላይ ስንደርስ አምልጬ ወጣሁ» አለኝና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ወደ ሥራው ሄደ።

ሲያስተምሩ ደግሞ ንግግራቸው ማማሩ! «ጋሼ፣ እነዚህን ቃላት እንደ ሰው ይዩዋቸው። መስት የቤት አከራይ ነው፣ ቀልድ አያውቅም። ሹድ አማት ናት፤ ያለችውን ባያደርጉ አትገድልዎትም፣ ግን ዕድሜ ልክዎን ሲነሳ ይኖራል። ማይት የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እመጣለሁ ይላል፤ ይመጣ ይሆናል።» ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ምላጩ ትዝ ሲለኝ ዋጥኩት።

ከሁሉ የባሰው «ፓሲቭ» የሚሉት፣ አድራጊውን ሳይጠሩ የሚናገሩበት ዘዴ የገባቸው ሳምንት ነው። አገጬን ሸረከቱኝ። ደሙ ፎጣው ላይ ጠብ ሲል ጮህኩ።

«ቆረጥከኝ እኮ!»

«አገጭዎ ተቆረጠ ነው የሚባለው ጋሼ።»

«ማን ነው የቆረጠው?»

«እሱ በፓሲቭ አይነሳም» አሉና የተረፈውን ጎን መላጨት ቀጠሉ።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሱቁ ጀርባ በመጋረጃ በተከለለችው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይውላሉ። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ክቡርነታቸው ጨው ለመጠየቅ በትሕትና የተሞላ ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ደርድረው መልስ ሲጠባበቁ በጆሮዬ ሰማሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ጨው ከፈለግህ እጅህን ዘርጋ፤ ክርንህ ሥር ነው ያለው!» አሉ ባለቤታቸው። እኚህ ሴት ለሰፈሩ የዋሉት ውለታ አልተነገረላቸውም።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን በአውቶቡስ ሹፌርነት የፈጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የለየሁት ጠጉሬን ሽበት ከጀመረው በኋላ፣ ያለ አስተማሪ፣ ተሳፋሪ ጥሎት ከሚወርደው ጋዜጣ ላይ ነው። አስተካክዬ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ከራሴ በላይ የተለጠፈው ነበር፦ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።» እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ጽሑፍ አላነበብኩም። ያን ሁሉ ዘመን መንገደኛ ከኋላዬ ጭኜ ስነዳ፣ እስቲ ድገመው ብሎ የደፈረኝ የለም። ጡረታ ስወጣ የማታ እንግሊዝኛ ተመዘገብኩ። ደብተሬ ንጹሕ ነበር፤ ለመናገር አፌን ስከፍት ግን ምላሴ እንደ ዛገ ማርሽ ይያዛል። ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ማን ይመስላችኋል? ክቡር ፕሮፌሰር! ማታ ዴስክ ላይ፣ ጠዋት ወንበር ላይ። ማምለጫ ጠፋ።

አንድ ጊዜ ተማርሬ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያለ ሌላ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ልጁ ቃል ሳይተነፍስ አሳምሮ ላጨኝ። አገጬ አልተነካም፣ ክብሬም አልተነካም። እቤቴ ስመለስ ግን የሆነ ነገር ረስቼ የወጣሁ እየመሰለኝ መንገድ ላይ ኪሴን ደጋግሜ ስዳስስ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አሠቃዬ ተመለስኩ። ልማድ ክፉ ነው።

በኮርሱ መጨረሻ የቃል ፈተና አለ። እኔ ወደቅሁ አለፍኩ፣ ጡረታዬን የሚነካው ነገር የለም። የእሳቸው ግን ሌላ ነበር። አንድ ጠዋት ምላጩን እያጠቡ፣ ዓይናቸውን ከውኃው ሳያነሱ፣ «ጋሼ፣ ያ አለቃ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ይቺን ፈተና ካለፍኩ ያን ጊዜ ለእሱ መልስ ይኖረኛል» ብለውኝ ነበር። እኔም «ፎጣው ጠበቀኝ» አልኩ።

ፈተናው ላይ ሁለት ሁለት ሆነን ስንገባ ከእሳቸው ጋር ተመደብኩ። ፈታኙ ድምፀ ወፍራም ሰው ነው፤ ቀና ብሎ ሳያይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ። ምላሴ ተያዘ። በዚህ መሐል ጉሮሮዬ ላይ ያ ቀዝቃዛ ምላጭ ያረፈ መሰለኝ፤ «አይቸኩሉ» የሚለው ድምፅም ተሰማኝ። ሳላስበው መለስኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ መለስኩ።

ተራው የክቡርነታቸው ሆነ። ፈታኙ የተሰበረ መስኮት ሥዕል ገፋ አደረገላቸውና በዚያ ወፍራም ድምፁ ማን እንደሰበረው ጠየቀ። ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እጆቻቸውን ጎንና ጎናቸው ላይ ገተሩ።

«የስ» አሉ።

ፈታኙ ያልሰሙት መስሎት ጮክ አለ።

«የስ።»

እስክሪብቶው ኳ አለ።

«የስ፣ ሰር።»

ከዚህ ወዲያ አንቱታው እምቢ አለኝ። እዚያ የቆመው ፕሮፌሰሩ አልነበረም። ኮንቴይነሩ በር ላይ የቆመ፣ ጺም ያላወጣ ልጅ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይጠብቁት እንጂ! ያውቀዋል እኮ!» ብዬ ጮህኩ፣ በራሳችን ቋንቋ።

«አባት፣ የእርስዎ አልቋል፤ ይቀመጡ» አለኝና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጫር አደረገ። እኔ አለፍኩ። እሱ ወደቀ። እንዲህ ዓይነት ማለፍ አይዋጥልኝም፤ እስከ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ አለ።

በማግሥቱ ሱቁ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። መስታወቱ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ እየላጠ ነው።

«ዛሬ አልሠራም ጋሼ።»

«ሥራልኝ ማን አለህ? ተቀመጥ።»

«የት?»

«እዚያ። ወንበርህ ላይ። በል!»

እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስቆጣ አስፈራለሁ። ተቀመጠ። ፎጣውን አጥብቄ አሰርኩለት። አረፋውን ግድግዳ እንደሚለስን ሰው መረግሁበት፤ ግማሹ አፉ ውስጥ ገባ። ምላጩን ሳልከፍተው፣ ከነእጥፋቱ አንገቱ ላይ አሳረፍኩ። የቻልኩትን ያህል ድምፄን አወፍሬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት።

«ጄኔሬተሩን ያቃጠልከው አንተ ነህ?»

«የስ» አለ ከአፉ አረፋ እየተፋ።

«አይቸኩሉ ፕሮፌሰር» አልኩት። «እጠብቃለሁ።»

ዳቦ ጋጋሪው በበሩ ብቅ ብሎ፣ «ምን እየተደረገ ነው? ማን ነው የሚላጨው?» አለ። ዝም በል ብዬ በእጄ አስቆምኩት። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። አረፋው ጉንጩ ላይ እየደረቀ ተሰነጣጠቀ። እጄ ዛለ። የእሱ ትዕግሥት ለእኔ ያን ያህል ሰዓት ከዘለቀ፣ የእኔ ለእሱ የሚያልቅበት ምክንያት የለም ብዬ ቆምኩ።

«ኖ» አለ በመጨረሻ።

መስታወቱን እያየ፣ በእንግሊዝኛ፣ እየተንተባተበ ቀጠለ፦ ለጥበቃ ተራዬ ከመምጣቴ በፊት ተቃጥሎ ነበር። በቋንቋዬ ልትጠይቁኝ ይገባ ነበር። ልትቆልፉብኝ አይገባም ነበር። ሰዋስው ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ እንደሆንኩ ያን ቀን ስሕተት የማረም ሐሳብ አልነበረኝም።

«አለፈ!» ብሎ ዳቦ ጋጋሪው በሩን በጡጫ ነረተው። ከመጋረጃው ኋላ አፍንጫ ሲናፈጥ ሰማሁ፤ ከዚያም መኪናው እንደገና መሄድ ጀመረ።

«ፈተናው ተመልሶ ይሰጣል» አልኩት። «ትመዘገባለህ። አልመዘገብም ብትል ይህን ምላጭ እከፍተዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ አረፋውን በፎጣው ጠራረገ። ከወንበሩ ለመነሣት አልቸኮለም።

«እመዘገባለሁ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ። ግን ወረቀቱ አልነበረም ዋናው። ያኔ እዚያ ካምፕ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስክመልስ ድረስ ቢጠብቀኝ ኖሮ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።»