«ቆይ፣ አትጣለው» የሚሉት ክቡር ዱዓሌ

የትም ከተማ ሂዱ፣ የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስታመሩ ከኋላችሁ «ቆይ፣ አትጣለው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የድሬዳዋው ክቡር ጠጋኝ ዱዓሌ ይባላሉ። ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ ፊት ለፊት «አንተ» ነበር የምላቸው። እዚህ ግን ስለማይሰሙኝ እንደሚገባቸው አንቱ እላቸዋለሁ።

ክቡርነታቸው እኔ በምሠራበት ፋብሪካ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የቢሮአችን ቬንትሌተር አንድ ክንፉ ሲሰበር ከኮንጎ ጫማ ሶል ቆርጠው ገጠሙለት፤ እየተንገዳገደም ቢሆን ሁለት በጋ አሳለፈን። ጎረቤታቸው ሀዎ ባሏን ሃሺን ልትፈታ ቃዲ ዘንድ ስትገሰግስ መንገድ ላይ አስቁመው፣ የተበላሸው ምላሱ ብቻ ነው፣ ሰውዬውን ሙሉውን ለምን ትጥያለሽ ብለው መለሷት። የሃሺ ምላስ እስከ ዛሬ አልተጠገነም፤ ባልና ሚስቱ ግን አብረው አሉ።

ጥገናውስ ባልከፋ፤ የከፋው ወሬው ነው። ክቡርነታቸው የጠገኑትን ሁሉ ያወራሉ። ቢሯችን የገባ እንግዳ ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ቀና ብሎ ቬንትሌተሩን ማየትና መገረም ነበረበት።

በ1980 ዓ.ም. ፋብሪካው ኮምፒውተር ገዛ። ክቡርነታቸው አዲስ አበባ ኮርስ ወስደው ተመለሱና ሰርተፍኬታቸውን ከማሽኑ በላይ ሰቀሉት። የመጋዘኑን ዕቃ በሙሉ እየጻፈች የምታስገባው ጥሩወርቅ ነበረች፤ ዓመት ፈጀባት። የድሮዎቹ ካርዶች፣ ኮምፒውተር ገብቷል ተብሎ ተቃጠሉ።

ጥሩወርቅ ማሽኑን ትወደው ነበር። ስለምትወደውም፣ በየቤታችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንደሚለብሰው፣ በእጇ የሠራችውን ወፍራም ዳንቴል አለበሰችው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አቧራ ሲነሳ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ሸፈነችውና ሁላችንም ለቀትር ዕረፍት ወጣን። የድሬን ቀትር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ስንመለስ ማሽኑ አያስነካም። አጥፍተን ብናበራው፣ የሚያስነሳኝን ፋይል አጣሁ የሚል አንድ መስመር አሳየንና ዝም አለ።

አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ በስልክ የሰጠን መልስ አጭር ነው፦ እመጣለሁ፣ ዲስኩ ይጠረግና ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጫናል። የጥሩወርቅ ዓመትም አብሮ ይጠረጋል ማለት ነው። ካድሬያችን ጓድ ጉግሳ ይህን ሲሰማ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አንስቶ አየና «አሻጥር» አለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤቱ ላያድር ይችላል። ጥሩወርቅ ሁለት ልጆች አሏት። ጉዳዩ የሚታይበት ስብሰባ ለማግስቱ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተጠራ።

ክቡርነታቸው ማሽኑን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ወላሂ ይሄ አልሞተም» አሏት። «ስሚኝ ጥሩወርቅ። ይሄን ማሽን ከእንቅልፍ የሚያስነሱት ጥቂት ፋይሎች ናቸው። የተበላሹት እነሱ ናቸው፤ ያንቺ ሥራ ከጎናቸው ተኝቷል። አዛን ባዩ ታመመ ብለን ሰፈሩን እናፍርስ?»

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ድሬ ጥላ ጥላውን ይዛ በርጫ ስትቀመጥ፣ ክቡርነታቸው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ያላቋረጡትን ጫታቸውን ትተው ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ከኮርሱ ባመጡት ዲስኬት አስነሱት። አስነሺዎቹን ፋይሎች ወደ ማሽኑ ሊገለብጡ ሲሉ ግን እትሙ አይገጥምም ብሎ እምቢ አለ። ዲስኬታቸው አዲስ እትም፣ ማሽናችን አሮጌ። ጥሩወርቅ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ክቡርነታቸው ትንሽ አሰቡና ብስክሌታቸውን አነሱ። ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ከእኛ ጋር ያንኑ ማሽን ገዝቶ ነበር። ዘበኛውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው የዚያን ማሽን ዲስኬት ተውሰው መጡ። ፀሐይ እንዳያገኘው ባርኔጣቸው ውስጥ ከተውት፣ ያን የመሰለ መላጣቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ነው የመጡት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የኛን ፋይል ከጤነኛው ጋር አንድ በአንድ እያስተያዩ፣ የተጎዳውን ብቻ በጤነኛው ተኩ። ደህና የሆነውን አንዱንም አልነኩም። ማሽኑን አጥፍተው አበሩት። ትንሽ አጉረመረመና የመጋዘናችን ዕቃዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደረደረ፤ መጀመሪያው ላይ ብሎን፣ ከሥሩ ቺንጋ። ጥሩወርቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ወደ ስብሰባው ስንገባ እኔ ገና ከአሁኑ ደክሞኝ ነበር። ይህን ታሪክ ጡረታ እስክንወጣ በየቀኑ እንደምንሰማው አልተጠራጠርኩም። ጓድ ጉግሳ ማሽኑ ደህና መሆኑን ሰምቷል፤ ማን እንዳበላሸውና ማን እንደጠገነው ጠየቀ። ክቡርነታቸው ተነሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ጥሩወርቅን አዩዋት።

«አቦ ጉግሳ፣ ምኑ ነው የሚጠገነው?» አሉት። «የተበላሸ ነገር የለም። ሙቀት ነው፤ ሲበርድለት በራሱ ተነሳ።»

ተቀመጡ። ጥገና አለ ካሉ ብልሽት አለ፤ ብልሽት ካለ ደግሞ አጥፊ ይፈለጋል። ጓድ ጉግሳ ካልተበላሸ ለምን ሰበሰባችሁኝ ብሎ ተቆጣን፣ ለባለሙያውም እንዳይመጣ ተደወለለት፤ ጥሩወርቅ ልጆቿ ዘንድ ገባች።

ክቡርነታቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠሩ፣ ብዙም አወሩ። ያችን ቀትር ግን ለእንግዳም፣ ለእኔም፣ ለገዛ ሚስታቸውም አንስተዋት አያውቁም። ዘመኑ ተለውጦ ጓድ ጉግሳ የት እንደገባ ከጠፋን በኋላ እንኳ አላነሷትም። እኔ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። እሳቸው ያላወሩትን እኔ አወራሁላቸው፤ ከፈለጉ ይቆጡኝ።