አክስቴን ሙዚየም ልጋብዝ ብዬ መርዶ ነጋሪ ሆንሁ

አገራችን ውስጥ ሰርፕራይዝ የሚባለው ነገር በሕግ መከልከል አለበት! አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሰውን በድንገት ማስደሰት ለሌላው ይሆን ይሆናል፤ ለእኛ ግን... ቆይ፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ያሳደገችኝ አክስቴ እትየ ዘውዴ ብቸና ነው የምትኖረው። ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ ይትባረክ ደግሞ ሞጣ ናቸው። ሁለቱ በአባታቸው መሬት ድንበር ላይ በበቀለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው ከተኳረፉ ከርመዋል። እሷ «ዛፉ የኔ ነው» ትላለች፤ እሳቸው «ሥሩ እኔ ጋ ነው» ይላሉ። ስንት ሽማግሌ ገባ መሰላችሁ! ሽማግሌው ደከመ፣ ዛፉ ግን ማደጉን አልተወም።

እናላችሁ በቅርቡ ሞጣ ላይ ትንሽ የሥዕል ሙዚየም ተከፈተ። አንድ ሠዓሊም የመሪጌታን መልክ በር በሚያህል ሸራ ላይ ሥሎ እዚያ ሰቀለላቸው። ይህን እንደ ሰማሁ ሐሳብ መጣልኝ። ወንድሟን እንዲያ ተከብሮ ስታይ አንጀቷ አይችልም፤ እርቅ ይወርዳል፣ እኔም እመረቃለሁ! መሪጌታን «ሥዕልዎን አብረን እንይ» ብዬ ቀጠርኋቸው፤ ስለ እሷ ትንፍሽ አላልሁም። ለእሷም እንደዚያው።

ሚኒባሱ የሚሞላው በማለዳ ስለሆነ ጎሕ ሲቀድ በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው በዚህ ሰዓት?»

«እኔ ነኝ እትየ። ልበሺ፣ ሞጣ ደርሰን እንመጣለን።»

«ሞጣ? ምን ልናደርግ?»

«ስንደርስ ታይዋለሽ... መጀመሪያ ግን እህል ቅመሺ።»

የበሩን መቃን ይዛ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ወንድሜ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው! ምን ይሆናሉ!» አልኋት፣ ጥርሴ ሁሉ እየታየ። ዘመድ ደውሎ ምሥጢሬን እንዳያወጣብኝም ስልኳን ተቀብዬ አጠፋሁት።

ገባችሁ አይደል? እኔ ግን አልገባኝም! መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያወቅሁ... በማለዳ ይመጣሉ፣ ምክንያቱን አይናገሩም፣ እህል ያስቀምሳሉ፣ «ደህና ነው» ይላሉ... አንዷንም ሳላጓድል ፈጸምኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ እንኳ «ቸኩላ ነው» ብዬ አለፍሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ዓይኗን ጠረገች። «አቧራው ነው» አለችኝ፤ አመንኋት። ለካ መንገድ ላይ ላለመጮህ ጥርሷን ነክሳ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ሰው እጁን ኋላው አጣምሮ በዝምታ ቆሟል። ፊት ለፊት መሪጌታ ከነጥምጥማቸው ግድግዳውን ሞልተው ይታያሉ። ከላይ መብራት በርቶላቸዋል፤ ከሥር የምርቃቱ ዕለት የተቀመጠ አበባ አለ። አስጎብኚዋ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ጨዋ ልጅ ናት። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፦

«ቤተሰብ ናችሁ?»

«አዎ፣ እኅታቸው ናት።»

«በሉ ወደ ፊት እለፉ» ብላ መንገድ አስከፈተችልን።

አክስቴ ያንን ሁሉ ስታይ... «ወንድምዓለሜን!» ብላ ደረቷን ትደቃ ጀመር።

እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው በኋላ ነው። አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሥዕል ሊያይ የመጣው ሁሉ ተቀበላት። አስጎብኚዋም አብራ አነባች። «ኧረ አልሞቱም! ሥዕል ነው!» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ ሰው መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፣ አላምን ይላል» አሉኝ።

ይኼኔ መሪጌታ በቀጠሯችን መሠረት በሩ ላይ ደረሱ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ቢያዩ እሳቸውም የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ማነው የሞተው ልጄ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ!»

ወዲያው የእኅታቸውን ድምፅ ለዩት። ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ጨበጡኝ።

«ተው፣ ትጨርስ። በቁሜ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

አክስቴ ሥዕሉ ሥር ተንበርክካለች። «ሳልታረቅህ ሄድህብኝ! ምን ነበረበት ያኔ እሺ ባልሁህ! ባሕር ዛፉ ገደል ይግባ፣ ውሰደው፣ ሁሉንም ውሰደው! ብቻ ተነሣና አንድ ጊዜ ዘውዴ በለኝ!»

አልዋሻችሁም፣ እኔም አለቀስሁ። ሰው እንዲህ እየተዋደደ በእንጨት ይኳረፋል? ጋሼም ጥምጥማቸው እስኪወዛወዝ ተንሰቀሰቁ። ከዚያ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘውዴ... ከነመሬቱ ነው?»

አክስቴ ዞረች። ሥዕሉን አየች፣ ሰውየውን አየች። ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ፊታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ እጃቸውን ዳበሰች። በሕይወት መኖራቸውን ስታረጋግጥ ጀርባቸውን በቡጢ ደለቀችው። ለቀስተኛው እልል አለ። እኔ ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀምሬያለሁ፤ ቀጣዩ ቡጢ የማን እንደሆነ አልጠፋኝም።

ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይኸው ሰው ሁሉ ሰምቷል! ዛፉን ሰጥታኛለች!»

አክስቴ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨምድዳ እንደያዘች ቀና አለች።

«እኔ የሰጠሁት ለሟቹ ነው! አንተ ደግሞ የማን ወራሽ ነህ?»