ሂማላያ ደርሶ የመጣው ካፖርቴ

ከመሄድ ይልቅ ማቀድ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንዱ ጋር አንድ ቢሮ እሠራለሁ። ሙሉቀን ይባላል። ሂማላያ ተራሮች ሥር ያለች አንዲት ጸጥተኛ ከተማ በስልኩ አይቶ ወደዳት፤ ባህሏን ለማየትም የአራት ቀን ጉዞ አቀደ። ዕቅዱ ብቻ ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ፍልሰታ ገባ፤ ከዚያ የጽዋ ማኅበሩ ተራ ደረሰ።

በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠ። ዳቦ አስደፍተን ሸኘነው። የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ተገኘ ቆመው መረቁት። እኔም ለበረዶው ብዬ ካፖርቴን አዋስኩት።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ቤቱ ሄደን ከበብነው።

«ሰዉ ዝምተኛ ነው፤ ገብስ ያበቅላል፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ነው» አለን።

«የእኛን አገር ይመስላል!» ብለው አባ ተገኘ ተደነቁ።

«ካፖርቴስ?» አልኩት።

«አንድ መነኩሴ በርዷቸው ሰጠኋቸው።»

ከጽድቁ ይደርሰኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ይኸኔ እዚሁ ቅርባችን አንበሳሜ ከተማ የሚኖሩት አክስቱ እትዬ ጥሩነሽ ካፖርቴን ታቅፈው ገቡ።

«ልጄ፣ እኔ ቤት ረስተኸው መጣህ እኮ! ቪዛ ከለከሉኝ፣ ሰው እንዳያየኝ ብለህ አራት ቀን ሙሉ ጓዳ ተቀምጠህ ስትወጣ፣ በመንገድ ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ተጨነቅኩ።»

ለካ ቪዛ ተከልክሎ ኖሯል። እንደዚያ ተመርቆ የተሸኘ ሰውስ በምን ፊቱ ይመለሳል?

ሙሉቀን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እኔ ካፖርቴን ተቀበልኩ። አባ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«የእሱስ ካፖርት ተመለሰ» አሉት፤ «የኔን ምርቃት መቼ ነው የምትመልሰው?»