መምህርት በአህያ

የሚያዝንልኝን ሰው እፈራለሁ። የሚጠላኝን ችግር የለም፤ ወይ ዘወር እለዋለሁ፣ ወይ አፍ ለአፍ ገጥሜ ይወጣልኛል። የሚያዝንልኝ ግን ወንበር ይስብልኛል፣ "አረፍ በይ እስቲ" ይለኛል፣ ከዚያ እኔ አረፍ ስል እሱ ሄዶ ጉዳዬን ይጨርስልኛል። ቀና ስል ጉዳዬ እኔ በሌለሁበት አልቋል። እናንተስ ደርሶባችሁ አያውቅም? እንግዲያው ሁለቱም እግራችሁ ጤነኛ ነው ማለት ነው። እሰየው።

የእኔን ግራ እግር በሕፃንነቴ ፖሊዮ ያዛትና እንዲያው ለስሙ ተንጠልጥላ ቀረች። በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። ጂኦግራፊ ላስተምር ተመድቤ ከአሰላ አሶሳ ድረስ የመጣሁትም በእነሱው ነው። እንግዲህ አንድ ጉድ ልንገራችሁ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አባይን በሰማያዊ ጠመኔ ስስል ኖሬ፣ አባይን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ወደ አሶሳ ስመጣ ዴዴሳን ተሻገርኩ፣ ዳቡስን ተሻገርኩ፤ ሁለቱም የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። አንድ ቀን ተማሪዬ "ቲቸር፣ ሲያዩት ምን ይመስላል?" አለችኝ። ርዝመቱን ነገርኳት። ልጅቷ ርዝመቱን አልጠየቀችኝም ነበር፤ አፈርኩ።

ዘመኑ ክልሉ ገና አዲስ የሆነበት፣ ሁለት ቢሮ በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራበት፣ ማኅተሙ ሳይደርስ ኮሚቴው ቀድሞ የሚደርስበት ነው። የክልላችን ግማሹ ከአባይ ማዶ ነው። በመኪና እንሂድ ያለ ሰው ስንት አገር መዞር አለበት። እናም የትምህርት ቤታችን መምህራን በግንቦት መጨረሻ ወንዙ ድረስ ወርደን፣ በጀልባ ስንንሸራሸር ውለን፣ የገዛ ክልላችንን ማዶ አይተን እንምጣ ተባባልን። ጉዞ ካለ ኮሚቴ አለ። ሰብሳቢው ምክትል ርእሰ መምህሩ ጋሽ ደምሰው ናቸው። ጋሽ ደምሰው ክፉ ሰው አይደሉም። ጣጣውም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ቃለ ጉባኤው መምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሦስተኛው ነጥብ እንዲህ ይላል፤ "መምህርት ጥሩነሽ ካለባቸው የአካል ሁኔታ አንጻር ለደኅንነታቸው ሲባል ከጉዞው ቀርተው የስንቅ ዝግጅቱን በበላይነት እንዲመሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" ክው አልኩ። እኔና ስንቅ! ሽሮ እንኳ ሳላሳርር አውጥቼ የማላውቀው እኔ! ክራንቼን እያንኳኳሁ ቢሯቸው ገባሁ።

"ምን ላድርግ እህቴ?" አሉኝ ጋሽ ደምሰው፣ ወንበር እየሳቡልኝ። "መኪናው አፋፉ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የአንድ ሰዓት ቁልቁለት ነው። በምን ትወርጃለሽ? የግድ ካልሽ ቃሬዛ እናስመጣለን፤ አራት ጎረምሳ ይሸከምሻል።"

ቃሬዛ! ወንበሩን ትቼ ቆሜ ቀረሁ።

"ጋሽ ደምሰው፣ ቃሬዛ ላይ የሚወጣ የታመመ ሰው ነው። እኔ አላመመኝም። አባይን ማየት ነው ያማረኝ።"

"ጀልባውስ? ቢገለበጥ?"

"ቢገለበጥ እርስዎስ ዋና ይችላሉ?"

አይችሉም። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንድም የሚችል የለም፤ ሰባቱም እንደኔው ከደጋ ተመድበው የመጡ ናቸው። ስለ ቁልቁለቱም ሆነ ስለ ጀልባው የአገሩን ሰው አንድም ቃል አልጠየቁም። እኔንማ ማን ይጠይቀኛል፤ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ማንጎ የምትሸጥልኝ ሐሊማ የምትባል የበርታ ሴት ናት፤ የትውልድ መንደሯ እዚያው ወንዙ ዳር ነው፣ ጀልባውን የሚቀዝፈውም አጎቷ ነው። ነገሬን ዘርዝሬ ነገርኳት። ቁልቁለቱን፣ ቃሬዛውን፣ ስንቁን። ማንጎዋን ትታ እስክትደክም ሳቀች።

"ኡስታዛ" አለችኝ፤ መምህርት ማለቷ ነው፤ በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንድ ነው። "አህያ የለም እንዴ? የኔ እናት ሽማግሌ ነው፣ በአህያ ይወርዳል፣ በአህያ ይወጣል። ጀልባ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይቀመጣል። ወላሂ፣ የሚቆመው ነው የሚያስቸግር።"

አያችሁ? እዚህ ላይ ኮሚቴውን ብቻ ልስደብ ብል ውሸታም እሆናለሁ። የበርታ ሴቶች በአህያ ላይ ተደላድለው ገበያ ሲመጡ በየሳምንቱ አያለሁ፤ አንድም ቀን ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በእኛ በደጋዎቹ ዘንድ በቅሎ ታስከብራለች፣ አህያ ታዋርዳለች። አህያ ለእህል ነው። አዋቂ ሰው አህያ ላይ ከታየ ሰፈሩ የሳምንት ወሬ አገኘ። ዓይናችን ሥር ያለውን መጓጓዣ ያላየነው፣ እንደ መጓጓዣ ስለማንቆጥረው ነው።

ሰኞ ለኮሚቴው ነገርኩ። ስብሰባው ተንጫጫ። ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁ።

"መምህርት በአህያ? ተማሪ ቢያይሽስ? የሙያው ክብርስ?"

"ክብሬን እዚሁ ስቶር ውስጥ ቆልፉበት" አልኳቸው፤ "እኔ ልሂድ።"

ሄድኩ። አፋፉ ላይ ሐሊማ አህያዋን ይዛ ጠበቀችኝ፤ ክራንቼን በጎን አሰረችልኝና ወረድን። አህያይቱ ድንጋዩን እየመረጠች ትራመዳለች፣ ኮሚቴው ከኋላችን በከተማ ጫማ ይንሸራተታል። "ቀስ! ቀስ በሉ!" ይላሉ ጋሽ ደምሰው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ጀልባው ዘንድ ስንደርስ የሐሊማ አጎት አልተጨነቀልኝም። ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጁን ሰጠኝ፣ ተንሸራትቼ ገባሁ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ "ተቀመጡ! ሁሉም!" አለ። ተቀመጡ። እግር የሚባለው ነገር ሁሉ፣ የእኔም የእነሱም፣ እኩል ታጥፎ ወለሉ ላይ ቀረ።

አባይ ሰማያዊ አይደለም። የግንቦት ዝናብ አደፍርሶታል፣ ቀይ ነው፤ ያን ሁሉ ልጅ ሰባት ዓመት ዋሽቼዋለሁ። ስፋቱን ሳይ ደግሞ ተንሰቀሰቅኩ፤ አልዋሻችሁም። ጋሽ ደምሰው የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው "ፈራሽ እንዴ?" አሉኝ። "ደስ ብሎኝ ነው" አልኳቸው። ያመኑኝ አይመስለኝም።

በሳምንቱ ለክልል የሚላክ ሪፖርት ፈርሚ ተብዬ ቀረበልኝ። "ኮሚቴው ባደረገው ብርቱ ጥረትና ባመቻቸው ተስማሚ ትራንስፖርት፣ መምህርት ጥሩነሽም አባይን ለመጎብኘት በቅተዋል" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እስክሪብቶዬን አወጣሁና "ትራንስፖርት" ከሚለው ቃል በላይ፣ በሰሌዳ ጽሕፈቴ አስተካክዬ፣ "የሐሊማ አህያ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

ጋሽ ደምሰው ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ። "ኧረ ጥሩነሽ! ይሄ እኮ ክልል ድረስ የሚሄድ ወረቀት ነው!"

"ይሂዳ!" አልኳቸው። "እኔስ ሄጄ የለ?"